ጎንበስ ብሎ የሚሮጥ ዳሌ፦ ጥንካሬና መተጣጠፍ በሜዳ ሆኪ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ተሰምቶ ቀስ እያለ ይወርዳል)



ዳሌ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የአረጋውያንን ስብራት ወይም የእናቶችን ወሊድ ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ወጣት ስፖርተኛ ዳሌ ነው፤ ያውም በአገራችን ስታዲየሞች ብዙም ስለማይታየው የሜዳ ሆኪ ተጫዋች። «እኛና ሆኪ ምን አገናኘን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምትኖሩ አድማጮቻችን ግን እንዲህ አትሉም። እዚያ ሆኪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ስፖርት ነው፤ ነሐሴ ላይ ዱላውንና የጥርስ መከላከያውን መኪና ውስጥ ጭነው ልጃቸውን ልምምድ የሚያመላልሱ ወላጆች ከመካከላችሁ አሉ። ሆላንድ ያላችሁማ ክለቡ ደጃችሁ ነው። አገር ቤት ሆናችሁ የምትሰሙንም ብትሆኑ፣ የገና ዕለት ቆልማማ ዱላ ይዞ ሲራወጥ የዋለ ሰው ጎንበስ ብሎ መሮጥ ወገብና ብሽሽትን ምን እንደሚያደርግ በማግስቱ ከአልጋው ሲነሳ ያውቀዋል።

ስፖርቱ የአውሮፓና የእስያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችን ኬንያ ከ1956 ጀምሮ በበርካታ ኦሎምፒኮች በሆኪ ተሳትፋለች። በ1980 በሞስኮ የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ሲካሄድ ወርቁን ይዞ የተመለሰው የዚምባብዌ ቡድን ነው። ዓመቶቹን ዛሬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ወደ ጉዳዩ ስንመጣ፣ ብሽሽቱን ያመመውን ተጫዋች ሁሉ «ሰውነትህን አላፍታታህም፤ ስትሬቺንግ አልሠራህም» ብሎ የመገሠጽ ልማድ አለን። አሰልጣኙም ይለዋል፣ ወላጁም ይለዋል፣ ተጫዋቹ ራሱም አምኖ ይቀበለዋል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ጡንቻን መዘርጋት ብቻውን የሆኪ ተጫዋችን ዳሌ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ዳሌው በተዘረጋበት፣ በተጣጠፈበትና በዞረበት ቦታ ላይ ጉልበት ሲኖረው ነው። ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር እንየው።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ጨዋታው ከሰውነት ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። ሆኪ 11 ለ11 ሆነው የሚጫወቱት ነው። ሜዳው 91.4 ሜትር ርዝመትና 55 ሜትር ስፋት አለው። ዓለም አቀፍ ጨዋታ እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ የሚቆዩ 4 ክፍሎች አሉት። ተጫዋች መቀየር ገደብ ስለሌለው የደከመው ወጥቶ ትንፋሹን ሰብስቦ ይመለሳል። ለተመልካች ደስ ይላል፤ ፍጥነቱ እስከ መጨረሻው አይበርድም። ለዳሌና ለብሽሽት ግን ይህ ማለት ደጋግሞ መፈትለክ፣ ደጋግሞ ድንገት መቆምና ደጋግሞ መታጠፍ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ዱላው ነው። በሆኪ ሕግ ኳሷ የምትነካው በዱላው ጠፍጣፋ ገጽ በኩል ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው። ለግራኝ ተብሎ የሚሠራ ዱላ አይፈቀድም። ግራኝም ሁኑ ቀኝ፣ ግራ እጃችሁ ከላይ፣ ቀኝ እጃችሁ ከታች ይይዛል፤ ኳሷም አብዛኛውን ጊዜ ከቀኝ እግራችሁ ፊት ትሆናለች። ስለዚህ ተጫዋቹ ከወገቡ ጎንበስ ይልና ደረቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ይሮጣል። ዱላው ቢረዝም 105 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኳሷ መሬት ላይ ናት፤ ቁመተ ረጅም ሰው ሌላ አማራጭ የለውም። የእግር ኳስ ተጫዋች ቀና ብሎ ይሮጣል፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋችም ወደ ላይ ይዘላል። ሆኪ ተጫዋች ግን ዝቅ እንዳለ ይፈጥናል፣ ዝቅ እንዳለ ይዞራል። ይህ ሁሉ ደግሞ ዓመት እስከ ዓመት በአንድ አቅጣጫ ያደላ ነው። ልምድ ያለውን ተጫዋች ሸሚዙን አስወልቃችሁ ከኋላ ብታዩት ሁለቱ የወገቡ ጎኖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ሜዳውም ተለውጧል። በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ በከፍተኛ ደረጃ የተፈጥሮ ሣር ቀርቷል ማለት ይቻላል። ኳሷ በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ትፈጥናለች፣ አትነጥርም፤ ተጫዋቹም እሷን ለማግኘት ይበልጥ ዝቅ ማለት አለበት። ጫማው ግን ሜዳውን ጨብጦ ይይዛል። እግር መሬት ላይ ተይዞ ሰውነት ሲዞር፣ መዞሩን ተቀብሎ ማስተናገድ ያለበት መገጣጠሚያ ዳሌ ነው። ጉልበት ለመታጠፍና ለመዘርጋት እንጂ ለመሽከርከር አልተሠራም፤ ዳሌ እምቢ ሲል ግን ዕዳው ወደ ጉልበትና ወደ ወገብ ይወርዳል።

ለመሆኑ ይህ መገጣጠሚያ ምን ይመስላል? ሙቀጫና ዘነዘናን አስቡ። የጭን አጥንት ራስ እንደ ዘነዘናው ጫፍ ክብ ነው፤ በዳሌ አጥንት ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ ሙቀጫው ነው። የሙቀጫው አፍ ዙሪያውን በልም አጥንት ቀለበት ተከቧል። መገጣጠሚያው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይዞራል። ዙሪያውን ጡንቻ ይከበዋል፦ ከፊት ጭንን ወደ ላይ የሚያነሱት፣ ከኋላ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ፣ ከውጭ ጎን በአንድ እግር ስንቆም ዳሌ እንዳይወድቅ የሚይዙት፣ ከውስጥ ደግሞ እግርን ወደ መሐል የሚሰበስቡት የጭን ውስጠኛ ጡንቻዎች። ተጫዋቾች «ብሽሽቴን ያዘኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚከሱት እነዚህን የመጨረሻዎቹን ነው።

ስለ መተጣጠፍ ስንነጋገር አንድ ነገር መለየት አለብን። ዳሌ የማይዞረው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ጡንቻና ጅማቱ ስለጠበቀ ነው፤ ይህ በሥራ ይለወጣል። ሁለተኛው የአጥንቱ ቅርጽ ራሱ ስለሚያግድ ነው። በጉርምስና ዕድሜ እንደ እግር ኳስና የበረዶ ሆኪ ያሉ ስፖርቶችን አብዝተው የሚሠሩ ልጆች የጭን አጥንታቸው አንገት ላይ ትንሽ ጉብታ ሊያበቅሉ እንደሚችሉ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ጉብታው ያለባቸው ብዙ ሰዎች ምንም ሕመም የላቸውም። ነገር ግን አጥንት ከአጥንት ጋር የሚጋጭበትን ዳሌ «ግፋ! ግፋ! ይለቃል!» እያሉ በግድ መዘርጋት የልም አጥንቱን ቀለበት ማስቀጥቀጥ ነው። በየሜዳው የጓደኛውን ጉልበት ወደ ደረቱ እየተጫነ የሚያፍታታ ሰው አይታችኋል አይደል? ተኝቶ ያለው ልጅ ብሽሽቱ ፊት ለፊት መቆንጠጥ ከተሰማው ያ መቆም አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አብረን እንሞክር። መኪና የምትነዱ አድማጮች ግን ቤት እስክትደርሱ ታገሡ።

ከፍ ያለ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እግራችሁ መሬት አይንካ፣ ጉልበታችሁ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ። ጭናችሁን ሳታነሱ፣ መቀመጫችሁን ሳታዛንፉ፣ ቀኝ እግራችሁን ከጉልበት በታች ወደ ውጭ፣ ወደ ቀኝ፣ ውሰዱት። እግሩ ወደ ውጭ ሲሄድ ጭኑ ግን ዳሌ ውስጥ ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ግራ እንዳያጋባችሁ። በብዙ ሰው ይህ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል። አሁን በግራ ሞክሩት። ዋናው ጥያቄ ቁጥሩ ስንት ነው የሚለው አይደለም፤ ሁለቱ ይመሳሰላሉ ወይ ነው። አንዱ ከሌላው በግልጽ ካነሰ፣ በተለይ መጨረሻው ላይ ብሽሽት ውስጥ የሚቆነጥጥ ነገር ካለ፣ ለፊዚዮቴራፒስት የሚነገር ነገር አግኝታችኋል።

ሁለተኛው ፍተሻ አልጋ ላይ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ኋላ ተንጋለሉ፤ አንዱን ጉልበት በሁለት እጅ አቅፋችሁ ወደ ደረት ሳቡ፣ ሌላው እግር ይንጠልጠል። የተንጠለጠለው ጭን አልጋው ላይ ካላረፈና ወደ ላይ ከተንሳፈፈ፣ የዳሌ የፊት ጡንቻ ጠብቋል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ተማሪ ቤት ተቀምጦ የሚውል፣ ማታ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የሚሮጥ ልጅ ላይ ይህን ማየት የተለመደ ነው፤ ያ ጡንቻ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋበት ሰዓት የለውማ።

ሦስተኛው ረዳት ይፈልጋል። በጀርባችሁ ተጋድማችሁ ሁለቱን እግሮች ቀጥ አድርጉ። ረዳታችሁ ክንዱን በቁርጭምጭሚቶቻችሁ መካከል ያስገባ። እናንተ ለ5 ሰከንድ ባላችሁ ኃይል ክንዱን ጨምቁት። ከዚያ ብሽሽታችሁ ምን ያህል እንዳመማችሁ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡ። በዴንማርክ የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ያስፋፉት ዘዴ ነው፤ እንደ ትራፊክ መብራት ይነበባል። ከ0 እስከ 2 አረንጓዴ፣ ይጫወት። ከ3 እስከ 5 ቢጫ፣ ጥንቃቄ፣ ልምምዱ ይቀነስለት። 6ና ከዚያ በላይ ቀይ፣ ያርፍና ይመርመር። አንድ ቡድን በየሳምንቱ ከልምምድ በፊት ይህን ቢያደርግ የሚወስደው ጊዜ ጫማ ከማሰር አይበልጥም። ለአሰልጣኞች ከምመክረው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ምናልባት ጥቅሙም ትልቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ጥንካሬ ከመተጣጠፍ ይበልጣል ያሰኘኝን ማስረጃ ላምጣ። በጣም የሚጠቀሰው ከሜዳ ሆኪ የመጣ አይደለም፤ ከዘመዱ ከበረዶ ሆኪ ነው። በ2001 ቲሞቲ ታይለር የተባለ አሜሪካዊ ፊዚዮቴራፒስትና ባልደረቦቹ የአንድ ፕሮፌሽናል ቡድን ተጫዋቾችን ከውድድር ዘመኑ በፊት መዘኑ። የዳሌን ጥንካሬም፣ የመተጣጠፍን መጠንም ለኩ። ከዚያ ማን ብሽሽቱን እንደሚጎዳ ተከታተሉ። በኋላ የተጎዱትና ያልተጎዱት ሲነጻጸሩ በመተጣጠፍ ልዩነት አልተገኘባቸውም። በጥንካሬ ግን ተገኘባቸው፤ የተጎዱት የጭን ውስጠኛ ጡንቻ ካልተጎዱት 18 በመቶ የደከመ ነበር። በጣም የሚገርመው ደግሞ የውስጡ ከውጩ ጋር ያለው ሚዛን ነው። ጤነኞቹ ላይ እግርን ወደ መሐል የሚሰበስበው ጡንቻ፣ ወደ ውጭ ከሚከፍተው ጡንቻ ጥንካሬ 95 በመቶ ያህል ነበረው። የተጎዱት ላይ 78 በመቶ። ሚዛኑ ከ80 በመቶ በታች የወረደበት ተጫዋች የመጎዳት ዕድሉ 17 እጥፍ ነበር።

ይህ 17 የሚለው ቁጥር በየሥልጠናው ስለሚጠቀስ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጥናቱ የአንድ ቡድን ነው፤ የተጎዱት ሰዎች ቁጥርም ትንሽ ነበር። በሣር ወይም በሰው ሠራሽ ሜዳ ለምትሮጥ የ16 ዓመት ልጅ 17 እጥፍ ብሎ ማስፈራራት ልክ አይሆንም። አቅጣጫው ግን ትክክል መሆኑን የተከተሉት ሥራዎች አሳይተዋል። እነዚያው ተመራማሪዎች በቀጣዮቹ ዓመታት ደካማ ሆነው የተገኙትን ተጫዋቾች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የማጠናከሪያ ልምምድ አሠሯቸው። በፊት በሁለት የውድድር ዘመን 11 የነበረው የጭን ውስጠኛ ጡንቻ ጉዳት በቀጣዮቹ ሁለት ዘመናት ወደ 3 ወረደ። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ በወንድ እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ በተሠራ ትልቅ ጥናት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴን ብቻ አዘውትሮ መሥራት የብሽሽት ችግርን በ41 በመቶ ቀንሷል። አንድ እንቅስቃሴ! ስሙ የኮፐንሃገን እንቅስቃሴ ይባላል፤ እንዴት እንደሚሠራ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ዳሌ በሆኪ ውስጥ እስከ ጥጉ የሚሠራበትን ቅጽበት ቀረብ ብለን እንየው። ድራግ ፍሊክ ይባላል። ፔናልቲ ኮርነር (የቅጣት ማዕዘን ምት) ሲሰጥ አንዷ ተጫዋች ከሜዳው የኋላ መስመር ላይ ኳሷን ከግቡ ፊት ወዳለው ክብ ጠርዝ ትገፋለች፣ ሌላዋ ታቆማታለች፣ ሦስተኛዋ ትወረውራለች። ኳሷን በኃይል መምታት ከተፈለገ ከ46 ሴንቲ ሜትር በላይ መነሳት የለባትም፤ በዱላ ተጎትታ ለምትወረወረው ግን የከፍታ ገደብ የለም። ለዚህ ነው ድራግ ፍሊክ የዘመናዊ ሆኪ ዋና መሣሪያ የሆነው። ፓኪስታናዊው ሶሃይል አባስ በዚህ ችሎታ 348 ዓለም አቀፍ ግቦችን አስቆጥሯል። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክም የሕንዱ አምበል ሃርማንፕሪት ሲንግ በ10 ግቦች የወንዶቹ ኮከብ ግብ አግቢ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከዚሁ ከፔናልቲ ኮርነር የመጡ ናቸው።

እግሮቹን ብቻ ተመልከቱ። ወርዋሪው ግራ ትከሻውን ወደ ግብ አድርጎ ይመጣል። ቀኝ እግሩ ከግራው በስተኋላ ይሻገራል፤ በዚያ ቅጽበት ዱላው ኳሷን ከኋላ ያነሳታል። ቀጥሎ ግራ እግሩ ከልክ በላይ ረጅም እርምጃ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ መቀመጫው ወደ መሬት ይቀርባል፣ ቀኝ እግሩ ከኋላ ተወጥሮ ይቀራል። ኳሷ በዱላው ላይ ተለጥፋ ስትጎተት መላው የዳሌ አጥንት በተተከለው ግራ እግር ላይ ወደ ግራ ይዞራል። የግራ ዳሌ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ በጥልቀት መታጠፍ፣ ወደ ውስጥ መዞር፣ የሰውነትን ክብደት በሙሉ መሸከም። የቀኙ ብሽሽት ደግሞ እንደተወጠረ ሰውነቱን ወደ ፊት ይገፋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት ነው፤ ታላላቆቹ ኳሷን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፏታል።

ቅድም ወንበር ላይ የሞከራችሁት የመጀመሪያው ፍተሻ አሁን ምን እንደሚጠቅም ገባችሁ? ግራ ዳሌዋ ወደ ውስጥ የማይዞርላት ልጅ ድራግ ፍሊክ መቶ ጊዜ ብትደጋግም ዳሌዋ ያልሰጣትን ዙረት ከወገቧ ትበደራለች። የሆኪ ተጫዋቾች የወገብ ሕመም በሰፊው የሚታወቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አሰልጣኙ «ቴክኒክሽን አስተካክዪ» ይላታል፤ ማስተካከል ያለባት ግን ዳሌዋን ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ዳሌዋ እንደ ልቧ የሚዞርላት፣ እግሮቿን ከፍታ መሬት የምትነካ ልጅ ደግሞ አለች፤ በተወጠረበት ቦታ ጉልበት ከሌላት የኋለኛው ብሽሽቷ ይቀደዳል። ሁለቱም ይጎዳሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

ስለ ሌሎቹ ቦታዎች በአጭሩ ልለፍ። ተከላካይ ዱላውን መሬት ላይ አጋድሞ ሲያግድ እስከ ጉልበቱ መውረድና በቅጽበት መነሳት አለበት፤ ይህ የመቀመጫና የታፋ ሥራ ነው። ግብ ጠባቂ ግን ለብቻው ዝግጅት ይገባው ነበር፤ ያን ሁሉ መከላከያ ተሸክሞ እግሩን ወደ ጎን በርግዶ ኳስ የሚገጨው እሱ ስለሆነ የብሽሽትን ሥራ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሥራው እንግባ።

የመጀመሪያው ትምህርት ከዳሌ መታጠፍን መማር ነው። የሆኪ ዱላውን ራሱን ተጠቀሙ። ዱላውን ከጀርባችሁ በኩል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከማጅራታችሁ ከፍ ብሎ ያለውን የጭንቅላት ጀርባ፣ የትከሻ መካከልንና ከወገብ በታች ያለውን አጥንት፣ ሦስቱንም ይንካ። አሁን ጉልበታችሁን ትንሽ ብቻ ሸብረክ አድርጋችሁ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ እየገፋችሁ ጎንበስ በሉ። ከሦስቱ አንዱ ከዱላው ከተላቀቀ፣ የታጠፈው ዳሌ ሳይሆን ጀርባ ነው። ይህን በሁለት እግር የቻለ በአንድ እግር ይሞክረው። ከዚያ በእጁ ክብደት ይጨምርበት።

ቀጥሎ ያ ቃል የገባሁላችሁ የኮፐንሃገን እንቅስቃሴ። በጎናችሁ ተኝታችሁ በክንዳችሁ ተደገፉ። ጓደኛችሁ ከጎናችሁ ቆሞ የላይኛውን እግራችሁን በራሱ ዳሌ ከፍታ፣ አንድ እጁን ጉልበት ሥር፣ ሌላውን ቁርጭምጭሚት ላይ አድርጎ ይያዝ። እናንተ በላይኛው እግር የውስጥ ጡንቻ እየገፋችሁ ሰውነታችሁን ከመሬት አንሱ፤ የታችኛው እግር ተነስቶ የላይኛውን ይንካ። 3 ሰከንድ ወደ ላይ፣ 3 ሰከንድ ወደ ታች። መጀመሪያ ቀን በማግስቱ እንደምትራገሙኝ አውቃለሁ። የከበዳችሁ፣ ጓደኛችሁ ጉልበታችሁ ሥር ብቻ ይያዝላችሁ። እሱም ከከበደ በጎን ተኝቶ የታችኛውን እግር ብቻ ማንሳት መነሻ ይሆናል። ቤት ውስጥ ብቻውን ያለ ሰው እግሩን የማይንሸራተት አግዳሚ ወንበር ላይ አሳርፎ ሊሠራው ይችላል። በሚሠራበት ጊዜ ሕመሙ ከ10 ከ3 ከበለጠ ወደ ቀለለው ደረጃ ይመለስ። ውድድር ከመጀመሩ በፊት በሳምንት 3 ጊዜ፣ ውድድር ከተጀመረ በኋላ በሳምንት 1 ጊዜ ይበቃል። ችግሩ ብዙ ቡድን ውድድር ሲጀመር ጭራሽ ይተወዋል።

ለጠበቀው የዳሌ ፊት፣ አንድ ጉልበት መሬት ላይ አንበርክኩ፣ ሌላው እግር ከፊት ይተከል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ይልና ወገቡን ይቆለምማል፤ ጡንቻው ሳይሆን ወገቡ ነው የሚዘረጋው። ወደ ፊት ከመሄዳችሁ በፊት የተንበረከከውን እግር መቀመጫ ጭብጥ አድርጉት። ገና ሳትንቀሳቀሱ የጭን ፊት ሲወጠር ይሰማችኋል። ያ ነው ትክክለኛው ቦታ።

ከዚያ የኋላ እግርን አግዳሚ ወንበር ላይ ሰቅሎ በፊተኛው እግር ቁጢጥ ማለት ይመጣል። ቁጢጡ በዝግታ እስከ ታች ይውረድ። ይህ እንቅስቃሴ ያስደስተኛል፤ አንዱን ዳሌ እያጠነከረ የሌላውን ፊት ይዘረጋል። ወደ ጎን ረጅም እርምጃ እየወሰዱ ዝቅ ማለትም እንዲሁ ብሽሽትን በተዘረጋበት ያጠነክራል። ሙሉ የእንቅስቃሴ ክልልን የሚሸፍን የጥንካሬ ልምምድ መተጣጠፍን ልክ እንደ ስትሬቺንግ ሊያሻሽል እንደሚችል ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩ ባለሙያዎች አሳይተዋል። ጊዜ ለሌለው አሰልጣኝ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው።

ስትሬቺንግ ይጣል ማለቴ ግን አይደለም። ቦታው ይስተካከል። ከጨዋታ በፊት ሣር ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ፣ እግር ዘርግቶ፣ እያወሩ ከደቂቃ በላይ አንድ ጡንቻ ወጥሮ መያዝ ለጊዜው የጡንቻን ጉልበት በጥቂቱ ይቀንሳል። ከጨዋታ በፊት የሚሻለው በእንቅስቃሴ መሟሟቅ ነው፦ ሶምሶማ፣ እግር ማወዛወዝ፣ የጎን እርምጃ፣ ዝቅ ብሎ መዞር፣ ቀስ በቀስ ፍጥነት መጨመር። በሆላንድ ለሆኪ ተብሎ የተዘጋጀ የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። ረጅሙ ስትሬቺንግ ከጨዋታ በኋላ ወይም ማታ ቤት ይሠራ።

(አጭር ሙዚቃ)

ልንሰነባበት ነው፤ ነገር ግን ለወላጆች ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ሲንቀሳቀሱ ቀጭ የሚል ዳሌ ካላመመ አያስጨንቅም። ብሽሽቷ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚያማት፣ በሮጠች ቁጥር የሚብስባት፣ በተለይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ወይም ምግብ የምትቀንስ ስፖርተኛ ግን በጭን አጥንቷ አንገት ላይ የድካም ስንጥቅ ሊኖርባት ይችላልና፣ ሩጫ አቁማ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ይህን በማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ለማዳን መሞከር አደገኛ ነው።

ከ10 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ምንም ሳይወድቅ ማነከስ ቢጀምር፣ «ጉልበቴን ነው የሚያመኝ» ቢልም ዳሌውን ተመልከቱለት። በዚህ ዕድሜ የጭን አጥንት ራስ ከእድገት መስመሩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ነው የሚሰማው። ጉልበቱ ራጅ ተነስቶ «ምንም የለውም» ተብሎ የሚመለስ ልጅ የሚያጋጥመው ለዚህ ነው። ቅድም ያየነውን ወደ ውስጥ መዞር ሞክሩለት፤ እምቢ ካለ ወይም ካመመው፣ በዚያው ዕለት፣ እግሩን ሳያስረግጡ፣ ሆስፒታል ይወሰድ። ሐኪሙንም የዳሌውን ራጅ ጭምር እንዲያዝ ጠይቁት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)